አልጋው ይጎትታል፤ ቦዩስ ይሰፋል?

አክስቴ 71 ዓመታቸው ነው። ድሮ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግራቸው ይወጡ ነበር። አሁን ከቤታቸው ታክሲ መያዣው ድረስ ለመሄድ ሁለት ጊዜ መቀመጥ አለባቸው። "ጀርባዬን ያን ያህል አያመኝም" ይላሉ። "እግሬ ነው። ትንሽ ስሄድ ይዝላል፣ ያቃጥለኛል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ቁጭ ስል ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይተወኛል።"

ኤምአርአይ ተነሡ። ውጤቱ የወገብ አከርካሪ ቦይ ጥበት አለ ይላል። ሐኪሞች ስፓይናል ስቴኖሲስ የሚሉት ነው። በዚያው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየቻቸው። አንድ አዛውንት ደረታቸውና ዳሌያቸው በሰፊ ቀበቶ ታስሮ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አልጋው መሀሉ ላይ ለሁለት ይከፈልና ቀስ እያለ ይለጥጣቸዋል። "የአከርካሪ ጥበት ያለ ኦፕሬሽን፣ በዲኮምፕሬሽን ይድናል" ይላል ጽሑፉ። ሕክምናው 20 ቀጠሮ ነው። ክፍያው በቅድሚያ ነው። አክስቴ የደረሳቸውን ዕቁብ ለዚህ ሊያውሉት አሰቡና ደወሉልኝ። "አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ፣ እስቲ እይልኝ።"

ሐኪም አይደለሁም። ግን የአክስቴ ዕቁብ ነውና ጊዜ ወስጄ አነበብኩ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅኩ። ያገኘሁትን ለእሳቸው ብቻ ነግሬ መተው አልሆነልኝም። ይኸው ማስታወቂያ አዲስ አበባም አለ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያም አለ። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዱ ወይም ቆመው ሲሠሩ የሚውሉ ዘመዶቻችን ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠየቁበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ቦዩን እንወቀው

አከርካሪያችን ውስጥ ከአንገት እስከ ወገብ የሚወርድ ቦይ አለ። ህብለ ሰረሰር የሚያልፈው በዚያ ነው። ወገብ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ ያበቃና እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ነርቮች ይቀጥላሉ። ወደ እግር የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠሪያውም በእነሱ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ቦዩ ከየአቅጣጫው ይጠባል። ከፊት ያለው ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ የተቀመጠው፣ ይደርቅና ወደ ቦዩ ይገፋል። ከጎን ያሉት የአጥንት መገጣጠሚያዎች ይወፍራሉ። ከኋላ አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት ይደድራል፣ ይወፍራል። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ አጥንት ከታችኛው ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ይህ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም። የሠላሳና የአርባ ዓመት ሥራ ነው።

ሕመሙን ለዓለም በግልጽ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሄንክ ቨርቢስት ነው። በ1954 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ እግራቸውን የሚይዛቸውን ሰዎች አሳየ። ተኝተው ሲመረመሩ ምንም አይታይባቸውም። ችግሩ ቦዩ ውስጥ ነበር።

አሁን የሚገርመው ነገር ይመጣል። ቦዩ ሁልጊዜ አንድ ስፋት የለውም። ወገባችን ወደ ፊት ጎንበስ ሲል የኋላው ጅማት ይወጠርና ቦዩ ትንሽ ይከፈታል። ቀጥ ብለን ስንቆም ወይም ወደ ኋላ ስንለጠጥ ያው ጅማት ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቦዩ ይጠባል። ለዚህ ነው የጥበት ሕመምተኛ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪው ላይ ደገፍ ብሎ ሲገፋ ደህና የሚሄደው። ቅዳሴ ላይ መቋሚያቸው ላይ ጎንበስ ብለው የሚቆሙ እናት ያለ መቋሚያ ከሚቆሙት የተሻለ የሚችሉት ለዚህ ነው። አክስቴን በመጀመሪያ ያስቸገራቸው ወደ እንጦጦ መውጣቱ አልነበረም። መውረዱ ነበር። ዳገት ስንወጣ ጎንበስ እንላለን። ቁልቁለት ስንወርድ ወገባችን ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያኔ ማንም አልገባንም፤ "ጉልበታቸው ነው" ብለን ቅባት ገዛንላቸው።

ይህን ማወቅ ጥበትን ከሌላ ሕመም ለመለየትም ይረዳል። እኛ አገር የወገብ ነገር ሁሉ "ዲስክ መንሸራተት" ይባላል። የተንሸራተተ ዲስክ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ መቀመጥ አይሆንለትም። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ አሥር ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ከተቀመጠ ሕመሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ጥበት ያለበት ሰው ተቃራኒ ነው፤ በርጩማው መድኃኒቱ ነው። የደም ሥር መጥበብም እግርን ሲሄዱ ይይዛል። እሱ ግን ቆም በማለት ብቻ ይለቃል፤ መቀመጥ ወይም ጎንበስ ማለት አያስፈልገውም። የስኳር ሕመም ያደነዘዘው እግር ደግሞ ተኝቶም ያቃጥላል።

ይህን ሳይጠይቅ የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ አንብቦ ሕክምና የሚያዝ ሰው ያሳስበኛል። በ1990 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት የጀርባ ሕመም ኖሯቸው የማያውቁ 67 ሰዎችን ኤምአርአይ አነሣ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት ውስጥ ከአምስቱ በአንዱ ላይ ያህል የቦይ ጥበት ታየ። ምንም አያማቸውም ነበር! ጃፓን ዋካያማ ግዛት ውስጥ የተሠራ ሰፊ ጥናት ደግሞ ጥበታቸው ከባድ ነው ከተባሉት ውስጥ እንኳ ምልክት የነበራቸው 17.5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ምስሉ ብቻውን ሕመም አይደለም። ምስሉና የሰውየው አካሄድ ሲገጥሙ ነው ሕመም የሚባለው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

ዲኮምፕሬሽን ማለት የተጨነቀን ነገር ከጭንቀቱ ማላቀቅ ነው። ችግሩ ይህን ቃል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይዘውታል።

የቀዶ ሐኪሙ ዲኮምፕሬሽን ሲል የቦዩን የኋላ አጥንትና የወፈረውን ጅማት ቆርጦ ማውጣቱን ነው። የተጫነው ነገር ተነሣ፣ ነርቩ ቦታ አገኘ። የአልጋው ባለቤት ዲኮምፕሬሽን ሲል ግን መጎተቱን ነው። ድሮ ትራክሽን ይባል የነበረው ነው። መጎተት ደግሞ ጥንታዊ ነው። ከሂፖክራተስ ስም ጋር የሚነሣ የእንጨት መጎተቻ አልጋ አለ። ወጌሻዎቻችንም የወለቀን መገጣጠሚያ ጎትተው ነው ወደ ቦታው የሚመልሱት።

አዲሱ አልጋ የሚለየው ጉተታው በኮምፒውተር መመራቱ ነው። ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጎትታል። አንዱ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከእነዚህ አልጋዎች ቀደምት የሆነው ቫክስ-ዲ የካናዳዊው ሐኪም የአለን ዳየር ሥራ ነው። በ1994 በአንድ የነርቭ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ በጥቂት ሰዎች ዲስክ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አልጋው ሲጎትታቸው ግፊቱን ለካ። ጉተታው ሲበረታ በዲስኩ ውስጥ ያለው ግፊት ከዜሮ በታች 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪን አልፎ ወረደ። ማስታወቂያዎቹ ዛሬም "ዲስኩ ወደ ውስጥ ይመጠጣል" የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተለካው የዲስክ ግፊት ነው። ለዚያውም ሰውየው አልጋው ላይ ሳለ። ቀበቶው ተፈትቶ ሲነሣ የሰውነቱ ክብደት ይመለሳል፤ ከክብደቱ ጋር ግፊቱም ይመለሳል። ሌላው ደግሞ፣ ዲስኩ ከቦዩ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ ነው። የአክስቴ ዲስክ ደርቆ ከሳሳ ቆይቷል። ቦዩን ያጠበባቸው በአብዛኛው የወፈረ አጥንትና የደደረ ጅማት ነው። አርባ ዓመት የበቀለ አጥንት በግማሽ ሰዓት ጉተታ አይሟሟም። በሃያ ግማሽ ሰዓትም አይሟሟም። ሲጎተቱ ለጊዜው ክፍተት ይፈጠር ይሆናል። ጎንበስ ሲሉም ይፈጠራል። ጎንበስ ማለት ግን በነፃ ነው።

ታዲያ ቪዲዮው ላይ "ተሻለኝ" የሚሉት ሰዎች ይዋሻሉ? በፍጹም። ብዙዎቹ የምር ተሽሏቸው ነው። ግማሽ ሰዓት ጉልበት አጥፎ መተኛት በራሱ ቦዩን ይከፍታል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ይፈታል። ከአልጋው ጋር ብዙ ጊዜ ሙቀት፣ ማሳጅና እንቅስቃሴ አብሮ ይሰጣል። ሳምንት ሙሉ የሚጠብቅህና ስምህን ጠርቶ የሚቀበልህ ሰው ማግኘትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ ብቻውን ለሚውል አዛውንት። ከሁሉ በላይ ግን የጥበት ሕመም ራሱ ይወጣል ይወርዳል። የሰሜን አሜሪካ የአከርካሪ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ ጥበታቸው ቀላልና መካከለኛ ከሆኑት ሰዎች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ያለ ቀዶ ጥገና ሁኔታቸው ደህና ሆኖ ይቀጥላል። ሰው ደግሞ ሕክምና የሚጀምረው በጣም ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል ሁሉ ለአልጋው ይመዘገባል።

ይህን ለመለየት ነው ጥናት የሚያስፈልገው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ቡድን በ2013 ስለ ጉተታ የተሠሩ 32 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። በድምሩ 2,762 ሰዎች ነበሩበት። እግር ላይ የሚወርድ ሕመም ያለባቸውም የሌለባቸውም ተካተዋል። መደምደሚያው ጉተታ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ሕክምና ጋር ሲሰጥ በሕመምም፣ በእንቅስቃሴም፣ ወደ ሥራ በመመለስም ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው ወይም የለም የሚል ነበር። የእንግሊዙ ናይስ የተባለው መመሪያ አውጪ ድርጅት በ2016 ለወገብ ሕመም ጉተታ አትስጡ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን ሜዲኬር ደግሞ ቫክስ-ዲን በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ ከ1997 ጀምሮ አይከፍልበትም። በዲሲ አካባቢ ያላችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ "ኢንሹራንስ ስለማይሸፍነው በካሽ ነው" የምትባሉት ለዚህ ነው። ያ አነጋገር የመድን ድርጅቱን ክፉ ያስመስለዋል። ከጀርባው ያለው ግን ማስረጃ ማጣት ነው።

"በኤፍዲኤ የጸደቀ" የሚለውም መታየት አለበት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያ የሚያሳልፍበት መንገድ አንድ አይደለም። ከባዱ መንገድ መሣሪያው እንደሚሠራና እንደማይጎዳ በጥናት ማሳየት ነው። ቀላሉ መንገድ ገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር እንደሚመሳሰል ማሳየት ነው። መጎተቻ አልጋዎቹ ያለፉት በሁለተኛው ነው፤ የተመሳሰሉትም ከድሮው የትራክሽን መሣሪያ ጋር ነው። ይህ ወረቀት አልጋው ጥበትን ይፈውሳል አይልም። አልጋው ያው ትራክሽን ነው ነው የሚለው።

እኛ አገር ያለው ተጨማሪ አደጋ

ገንዘብ ማባከን አንድ ነገር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጀርባ ሕመም ሁሉ የእርጅና አይደለም። ቲቢ አከርካሪን ይይዛል። አጥንቱን ከውስጥ ይበላውና ያፈርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የአከርካሪ ሕመምተኛ ልጆችን ያከመው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ካያቸው የጎበጡ ጀርባዎች ብዙዎቹ ከቲቢ የመጡ ናቸው። ያልፈላ ወተት የሚያስተላልፈው ብሩሴሎሲስም አከርካሪን ይጎዳል። ከጡት፣ ከፕሮስቴት ወይም ከሌላ ቦታ የተነሣ ካንሰርም አጥንት ላይ ያርፋል። በዕድሜ የሳሳ አጥንት ደግሞ ትንሽ ነገር ይሰብረዋል።

በቲቢ የተበላ አጥንት በቀበቶ ታስሮ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ማሰብ ከባድ አይደለም። ለዚህ ነው ኢንፌክሽን፣ ዕጢ፣ ስብራት፣ የሳሳ አጥንት ወይም የተነፋ የሆድ ትልቅ ደም ሥር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት፣ አልጋው ላይ መውጣት የሌለባቸው። ማታ ማታ የሚያልብ ሰው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ትኩሳት ያለው፣ ተኝቶም የማይለቅ የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ መመርመር አለበት። መጎተት አይደለም።

ሌላ ችግር የሌለበት ሰውም ሊጎዳ ይችላል። በ2003 በማዮ ክሊኒክ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው በእንዲህ ያለ አልጋ ላይ ሲጎተት ሕመሙ በድንገት እንደባሰበት፣ የወጣው ዲስክ ተልቆ እንደተገኘና አስቸኳይ ቀዶ ጥገና እንዳስፈለገው ይናገራል። ይህ የተለመደ ነው ማለቴ አይደለም። ግን "ምንም ጉዳት የለውም" የሚለው የማስታወቂያ ቃል እውነት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር በአንዴ ከደከመ፣ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው። ፊዚዮቴራፒ ቤት አይደለም፣ ጠበል ቦታም አይደለም። እነዚያ የፈረስ ጭራ የሚመስሉ ነርቮች ታንቀዋል ማለት ነው፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። አንገት ላይ ያለ ጥበትም የራሱ ምልክት አለው። እጅ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ጽሑፍ ይበላሻል፣ አረማመድ ይንገዳገዳል። እሱም በጉተታ የሚሞከር አይደለም። የቀዶ ሐኪም ቶሎ ሊያየው ይገባል።

ያለ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ነገር የለም ማለት ነው?

አለ። የሚያሳዝነው ማሽን ስለሌለው ቪዲዮ አይሠራለትም።

በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ጥገና ለማድረግ የተስማሙ 169 የጥበት ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ በሚገባ የታቀደ ፊዚዮቴራፒ ተመደበላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች አቅም ተቀራራቢ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ከደረሳቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመሀል ወደ ቀዶ ጥገና ተሻግረዋል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያም ሆኖ ቀሪዎቹ ሳይቀደዱ ኖረዋል። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 259 አዛውንቶችን ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን መድኃኒት፣ አንዱ በቡድን የሚሠራ ስፖርት፣ አንዱ በእጅ የሚሰጥ ሕክምናና ለእያንዳንዱ ሰው የተመረጠ እንቅስቃሴ ተሰጠው። በሁለተኛው ወር ላይ ሦስተኛው ቡድን በምልክቶቹ የተሻለ ነበር። በስድስተኛው ወር ግን ልዩነቱ ጠፋ። ጥቅሙ የሚቆየው ሥራው እስከቀጠለ ድረስ ነው ብዬ ነው የተረዳሁት።

ሥራው ምንድን ነው? መነሻው ያው ጎንበስ የማለት ነገር ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ። የሆድና የመቀመጫ ጡንቻን ማጠንከር፣ ወገብ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ እንዳይለጠጥ። በቋሚ ብስክሌት መሥራት፤ ብስክሌት ላይ ሰው ጎንበስ ስለሚል የጥበት ሕመምተኛ ከእግር ጉዞ ይልቅ ብስክሌት ላይ ብዙ ይችላል። ጉዞውም አይቀርም። እግር መዛል ሲጀምር ቁጭ፣ ሲለቅ እንደገና መነሣት። አምስት ደቂቃ ስድስት ይሆናል፣ ስድስት ስምንት ይሆናል። ክብደት የጨመረ ሰው ትንሽ ቢቀንስ ወገቡ ያመሰግነዋል።

ቤት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ነገሮች ደግሞ አሉ። ዕቃ ሲያጥቡ አንድ እግርን ትንሽ ሣጥን ላይ ማሳረፍ ወገብን ከመለጠጥ ያድናል። በጎን ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ ሌሊቱን ያቀላል። ምርኩዝ መያዝ ነውር አይደለም። አክስቴ "ሰው ምን ይለኛል" ብለው ስድስት ወር ሙሉ እምቢ ብለዋል። እነዚያ ስድስት ወራት ቤት ውስጥ አለቁ። ጡንቻቸውም አብሮ አለቀ።

መድኃኒቱን በአጭሩ ልለፈው። የቢ ቫይታሚን መርፌ እኛ አገር ለእግር መደንዘዝ ሁሉ ይታዘዛል። እጥረት ላለበት ሰው ያስፈልጋል፤ የጠበበ ቦይ ግን አያሰፋም። አከርካሪ አጠገብ ስለሚወጋው ስቴሮይድ (የተቆጣን አካል የሚያበርድ መድኃኒት ነው) 400 ሰዎችን ያካተተ የ2014 ጥናት አለ። ስቴሮይድና ማደንዘዣ የተወጉት ማደንዘዣ ብቻ ከተወጉት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም።

ቀዶ ጥገናውም ጠላት አይደለም

"ያለ ኦፕሬሽን" የሚለው ቃል የሚሸጠው ፍርሃታችንን ተመርኩዞ ነው። "የጀርባ ኦፕሬሽን ያደረገ ሽባ ሆኖ ይቀራል" ሲባል ያልሰማ የለም። እውነቱ ሌላ ነው። በትክክል ለተመረጠ ሰው ቦዩን የመክፈት ቀዶ ጥገና በደንብ ይረዳል፤ በተለይ እግርን። ስፖርት (SPORT) በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት በ2008 ይፋ ሲሆን 654 የጥበት ሕመምተኞችን ተከታትሎ ነበር። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው በሁለቱ ዓመት ውስጥ ካልተደረገላቸው የተሻለ ሆነው ተገኝተዋል። ብዙዎች ከተመደቡበት ቡድን ወደ ሌላው ስለተሻገሩ ውጤቱን ማንበብ ቀላል አይደለም። ዓመታት ሲያልፉም ልዩነቱ እየጠበበ ሄዷል። ያልተደረገላቸውም ቢሆኑ በአብዛኛው አልተሽመደመዱም፤ ስለዚህ ምልክቱ አስቸኳይ ያልሆነ ሰው ለማሰብ ጊዜ አለው። አጥንቱን በብሎን ማሰር ይጨመር ሲባልም መጠየቅ ጥሩ ነው። በ2016 የወጣ የስዊድን ጥናት ቦዩን መክፈት ብቻ ከመክፈትና ማሰር ጋር አወዳድሮ፣ ማሰሩ ለሕመምተኞቹ የጨመረላቸው ጥቅም አላገኘም።

አገራችን ውስጥም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር ተባብሮ በ2006 ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ እዚሁ የተማሩ ሐኪሞች አሉን። አሁንም ቁጥራቸው ለሕዝቡ አይበቃም፤ ወረፋው ረጅም ነው። የጉተታ አልጋው ገበያ የሚያገኘውም በዚህ ወረፋ መሀል ነው። ይገባኛል። ሕመም ይዞት ወር የሚጠብቅ ሰው ነገ የሚቀበለውን ቤት ይመርጣል።

ስለዚህ አክስቴን "አትሂጂ" አላልኳቸውም። ደውለው እንዲጠይቁ አደረግኩ። ጥበቴ ከዲስክ ነው ወይስ ከአጥንትና ከጅማት? የአጥንቴን ጥንካሬ ሳትለኩ ትጎትቱኛላችሁ? ሦስት ቀጠሮ ሞክሬ ካልተሻለኝ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል? በኋላ ኤምአርአይ ብነሣ ቦዬ ሰፍቶ ይታያል? ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች። ለመጨረሻው ጥያቄ "እሱን ዶክተሩ ያስረዱዎታል" አለች። ስለ ገንዘቡ ግን መልሱ ግልጽ ነበር፤ አይመለስም።

ዕቁቡ ግማሹ ተቀምጧል። በሌላው ግማሽ አጥንታቸውን ተለኩ፣ የስኳርና የቲቢ ምርመራ አደረጉ፣ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት አንድ ቀን ያያቸዋል፣ አሮጌ ቋሚ ብስክሌትም ተገዛ። በመጀመሪያው ቀን ሳይቀመጡ የሄዱት አራት ደቂቃ ነበር። አሁን ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ደርሰዋል። አንዳንድ ሳምንት ወደ ሰባት ይመለሳል። ሐኪማቸው በስድስተኛው ወር ያዩዋቸዋል፤ ካልበቃ ስለ ቀዶ ጥገናው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ባለፈው እሑድ መቋሚያቸውን ይዘው እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ከመጨረሻው ታክሲ መውረጃ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ሁለት ቦታ ብቻ አርፈው በእግራቸው ወጡ። ቁልቁለቱን ግን አሁንም በታክሲ ነው የሚወርዱት።